ደራሲው መቼ ሞተ?

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ደራሲው በዓሉ ግርማ ከቤቱ ወጣ፤ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው በኋላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ቃሊቲ ግድም ቆማ ተገኘች። ከዚያ ዕለት ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት፣ አሉባልታና እርስ በርሱ የማይጣጣም የቀድሞ ባለ ሥልጣናት ቃል ነው። አስከሬን አልተገኘም። የሚታወቅ መቃብር የለም። ስለዚህ የተረጋገጠ የሞት ቀንም የለም።

ስለ በዓሉ መጥፋት ብዙ ተጽፏል። እንዳለጌታ ከበደ በ2008 ዓ.ም. ያሳተመው የሕይወት ታሪኩም ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። እዚህ የማነሣው ብዙም ያልተወራለትን አንድ ጎኑን ነው። በኢትዮጵያ ሕግ አንድ መጽሐፍ ከግል መብትነት ወጥቶ ማንም ሊያባዛው የሚችልበት ጊዜ የሚቆጠረው ደራሲው ከሞተበት ቀን ተነሥቶ ነው። ደራሲው በሕይወት እስካለ መብቱ የራሱ ነው፤ ከሞተ በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይቆያል። እንግዲህ አንድ የጀሞ ወይም የመካኒሳ ነዋሪ ቤቱ ቁጭ ብሎ የበዓሉን ልብ ወለድ «ኦሮማይ»ን ገጽ በገጽ ስካን አድርጎ፣ ፒዲኤፍ ሠርቶ፣ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ሊጭነው ቢያስብ፣ መጀመሪያ መልስ የሚያሻው ጥያቄ የመርማሪ ፖሊስ ጥያቄ ሆኖ ያርፋል፦ ደራሲው መቼ ሞተ?

ለቀደሙት ጸሐፍት ይህ እንግዳ ጥያቄ ነበር። በብራና ዘመን መጽሐፍ መገልበጥ ያጸድቅ ነበር እንጂ አያስከስስም። ገዳም ከገዳም ይዋሳል፤ ጸሐፊው ወራት ፈጅቶ ይገለብጣል፤ ሲጨርስ የራሱንና ያስጻፈውን ሰው ስም አስፍሮ አንባቢው በጸሎት እንዲያስበው ይማጸናል። ውግዘትም ያክልበታል፦ መጽሐፉን የሰረቀ፣ ስሙን የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል። ውግዘቱ ሌባውንና ፋቂውን ይይዛል። ገልባጩን ግን አይነካውም። ለምን ይነካዋል? አንድ ቅጂ ብቻ ያለው መጽሐፍ በአንድ ቃጠሎ ወይም በአንድ ዘረፋ ያልቃል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በዘረፈ ጊዜ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ተጭነው ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ሄደዋል። ከነዚያ መካከል ሌላ ቦታ ያልተገለበጠ ቢኖር፣ የኢትዮጵያ አንባቢ ለማየት ለንደን ድረስ መሄድ ነበረበት።

ይህ የመገልበጥ ልማድ እስከ እኛ ዘመን ዘልቋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከቤተ ክህነት ጋር በመተባበር በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ፎቶ አንሥቶ፣ አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ አስቀርቶ ሌላውን በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ወዳለው ቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ልኳል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የጨረሱት እነዚህን ፊልሞች በማንበብና በመዘርዘር ነው። ከ1966ቱ አብዮት፣ ከዚያም ከተከተሉት ጦርነቶች አንጻር ሲታይ ሥራው በጊዜው ነው የደረሰው። ዛሬ ምስሎቹን በኢንተርኔት ለማየት መመዝገብ ብቻ ይበቃል። ዲጂታል መሆን ብቻውን ዋስትና ይሆናል ለሚል ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የብሪቲሽ ላይብረሪ ኮምፒውተሮች በመረጃ ጠላፊዎች ተመትተው፣ በዲጂታል የቀረቡት የብራና መጻሕፍቱ ለረዥም ጊዜ ከድረ ገጹ መጥፋታቸውን ማስታወስ ይበቃል። የመቅደላዎቹም አብረው ጠፍተው ነበር።

ማተሚያ ቤት ሲመጣ ነገሩ መለወጥ ጀመረ፤ ለውጡ ግን ዝግ ያለ ነበር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ሮም ላይ ያሳተሙት በ1900 ዓ.ም. ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. ያወጡትን የመጻሕፍት ዝርዝር አስፋፍተው በ1920 እንደገና ሲያሳትሙ፣ በዝርዝሩ የብራናውም የኅትመቱም ዓለም አንድ ላይ ይታያል። ግን በዚያ ዘመን መጽሐፉን ሌላ ሰው ቢያትምበት ደራሲው የትኛውን ሕግ ጠቅሶ ይከሳል? የተሟላ መልስ የመጣው ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ ነው። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት ይህ ሕግ ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ ስለ ሥነ ጽሑፍና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጓል። ከመሬትና ከቤት ሕግ ጋር በአንድ መጽሐፍ ውስጥ መቀመጡ ብዙ ይናገራል፤ ሕግ አውጪው የደራሲን ሥራ የንብረት ዓይነት አድርጎ አይቶታል። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ መጻሕፍት የውስጥ ሽፋን ጀርባ ላይ፣ ከማተሚያ ቤቱ ስም አጠገብ፣ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለው መስመር የተለመደ ሆነ። አንባቢ የሚዘለው፣ ስካን የሚያደርግም ሰው ብዙ ጊዜ ቆርጦ የሚጥለው ገጽ ያ ነው።

ሕጉ ወረቀት ላይ ሳለ «ኦሮማይ» መጣ።

በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለ ሥልጣን ነበር። የመነንና የአዲስ ሪፖርተር መጽሔቶች፣ የአዲስ ዘመንና የኢትዮጵያን ሄራልድ ጋዜጦች አዘጋጅም ነበር። በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ ተሳትፏል። ያየውን በልብ ወለድ መልክ ጽፎ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት አሳተመው። ኩራዝ የመንግሥት ድርጅት ነው፤ መጽሐፉን ያተመውም፣ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ያስነሣውም ያው የደርግ መንግሥት መሆኑ ነው። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በቀጣዩ ዓመት የካቲት ጠፋ።

መጽሐፉ ግን አልጠፋም። ገበያ ላይ ሊገኝ ያልቻለው «ኦሮማይ» ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር ጀመር። ያገኘ ሰው ሌሊቱን አንብቦ በጧት ይመልሳል፤ የሚባዛበት መንገድ ያገኘ ያባዛል፤ ሲያዝ የሚከተለው ነገር የታወቀ ስለሆነ ማንም ጮክ ብሎ አያወራውም። በዚያን ጊዜ ከተማው ውስጥ መጽሐፍ በቀን ሒሳብ የሚያከራዩ ሱቆች ስለነበሩ መጽሐፍን ለብዙ ሰው ማዳረስ አዲስ ነገር አልነበረም፤ አዲሱ ነገር መደበቁ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ካየነው ያን ሁሉ ያደረጉ ሰዎች ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አባዝተዋል። ሕጉ ለታገደ መጽሐፍ የተለየ ነገር አይልም። በእኔ ፍርድ ግን ያደረጉት የብራና ጸሐፊውን ሥራ ነው። ደራሲው የለም፤ ወራሾቹ መጽሐፉን ሊያሳትሙ አይችሉም፤ ኅትመቱን የያዘው ደግሞ መጽሐፉን ሊያጠፋ የሚፈልግ ኃይል ነው። የዚያን ጊዜ ገልባጭ ከማንም ኪስ ሳንቲም አልወሰደም፤ ገበያ አልነበረማ!

ችግሩ የሚጀምረው ያ ሰበብ ካለቀ በኋላ ነው። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፤ «ኦሮማይ» በይፋ እንደገና ታተመ፤ ቤተሰቡም በስሙ ፋውንዴሽን አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ዴቪድ ዴጉስታና መስፍን ፈለቀ ይርጉ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት ለንደንና ኒው ዮርክ ላይ ወጣ። መጽሐፉ ከማንኛውም መጻሕፍት መደብር ይገዛል። እንዲህ ሆኖ እያለ ዛሬ በቴሌግራም ቻናልና በግል ድረ ገጽ ፒዲኤፉን የሚጭኑ ሰዎች «የበዓሉን ሥራ ለትውልድ ለማቆየት» ሲሉ እሰማለሁ። ማን ሊያጠፋው ነው? በ1976 የነበረውን ሰበብ በዚህ ዘመን መጥቀስ አያዋጣም።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። የተረጋገጠ የሞት ቀን ከሌለ 50 ዓመቱ ከየት ይቆጠራል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለጠፋ ሰው መንገድ አዘጋጅቷል፤ ወሬው ሁለት ዓመት ካልተሰማ ጉዳዩ ያገባኛል የሚል ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ መጥፋቱ በውሳኔ እንዲረጋገጥ መጠየቅ ይችላል። ድረ ገጽ ለሚያዘጋጅ ሰው ግን የፍርድ ቤት መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልገውም። የታሪክ ሰው ቀኑ ያልታወቀ ነገር ሲገጥመው ከየትኛው ቀን በፊት ሊሆን እንደማይችል ይጠይቃል። በዓሉ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. በሕይወት ነበር። ስለዚህ የሞተው ከዚያ ቀን በፊት አይደለም። በጣም ጠባቡ ሒሳብ እንኳ ቢያዝ የወራሾቹ መብት እስከ የካቲት 2026 ዓ.ም. ይቆያል። በኋላ መሞቱ ቢረጋገጥ ቀኑ ይገፋል እንጂ ወደ ኋላ አይመጣም። ያን ሰው ያጠፉት ሰዎች የሞቱን ቀን ለራሳቸው ይዘውት ቢቀሩም፣ መነሻውን ግን ማንም ሊያሸሸው አልቻለም።

በዚሁ ሚዛን ሌሎቹን ማየት ይቻላል። አፈወርቅ ያረፉት በ1940 ዓ.ም. ነው፤ ኅሩይ በስደት እንግሊዝ አገር በ1931፤ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1911። የገብረ ሕይወት «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» እሳቸው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ ከኅትመቱ ቢቆጠር እንኳ 50 ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል። የነዚህን ሰዎች የመጀመሪያ ኅትመቶች ስካን አድርጎ በነጻ ማቅረብ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ በብዛትም አልተሠራም። አንድ ወጥመድ ግን አለው። መደብር ውስጥ የምናገኘው ቅጂ ብዙ ጊዜ በቅርብ የታተመ ነው፤ መቅድሙን፣ የግርጌ ማስታወሻውንና ትርጓሜውን የጻፈ ሰው በሕይወት አለ። የአሮጌው ደራሲ መብት ቢያልቅም የመቅድሙ ጸሐፊ መብት አላለቀም።

መንግሥቱ ለማ በ1980 ዓ.ም. ስላረፉ 2030ን መጠበቅ ነው፤ ከበደ ሚካኤል በ1991፣ ስለዚህ 2041፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1998፣ ስለዚህ 2048፤ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ2004፣ ስለዚህ 2054። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት ኅዳር 1996 ዓ.ም. ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ስለታተመ ብቻ «አሮጌ ነው፣ የሕዝብ ነው» የሚሉ አሉ። የመጽሐፉ ዕድሜ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። መብቱ እስከ 2046 የወራሾቹ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ድምፅ ዩቲዩብ ላይ የሚጭን ሰው ደግሞ ሌላ ባለ መብትም አለበት፤ የዛሬው አዋጅ ለተራኪና ለተዋናይ 50 ዓመት፣ ለማሠራጫ ጣቢያ 20 ዓመት ይሰጣል።

ይህ አዋጅ የወጣው ሐዲስ ዓለማየሁ ባረፉበት በዚያው ዓመት ሐምሌ 12 ቀን ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ማሻሻያው በዋናነት የባለ መብቶችን የጋራ አስተዳደር ማኅበራት ስለሚመለከት እዚህ ብዙ አያቆየንም። ዋናው አዋጅ ግለሰብ ለራሱ ብቻ አንድ ቅጂ እንዲያነሣ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ፈቃዱ የመጽሐፍን ጉልህ ክፍል ማባዛትን አይጨምርም። ከጥቂት ገጽ በላይ ፎቶኮፒ ያደረገ ተማሪ እንኳ ጠርዙ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ለዓለም ሁሉ የተከፈተ ድረ ገጽ ላይ ሙሉ መጽሐፍ ማስቀመጥ ደግሞ በየትኛውም አነጋገር የግል መጠቀሚያ አይባልም። ገንዘብ አለመቀበል ነገሩን ሕጋዊ አያደርገውም። «ነጻ ነው፣ አልሸጥኩም» የሚለው መከላከያ ከሁሉ የሚዘወተር፣ ከሁሉ የማያዛልቅ ነው።

ቅጣቱ ከባድ ነው። ሆን ብሎ መብት የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል፤ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100,000 ብር አያንስም። የንግድ ዘረፋንና ቅን መጽሐፍ ወዳድን በአንድ ሚዛን የሚለካ ቅጣት ልክ ነው ብዬ አላምንም። ሕግ በጣም ሲከብድ ዳኛም ዐቃቤ ሕግም ይሸሸዋል፤ የማይፈራ ሕግ ይሆናል። በየሰፈሩ የኮምፒውተር ቤት ፍላሽ ይዞ ገብቶ «መጽሐፍ ጫንልኝ» ማለት እስከ ዛሬ ማንንም የማያስደነግጠው አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

አዋጁ በር የከፈተባቸው ነገሮችም አሉ፤ ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው እነሱን ቢያውቅ ብዙ ሊሠራ ይችላል። ሕግ፣ ውሳኔና የአስተዳደር ሰነድ የቅጂ መብት የለበትም። ከመጋቢት 1934 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣውን ነጋሪት ጋዜጣ በሙሉ ስካን አድርጎ የሚጭን ሰው የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ከመጽሐፍ ምንጩን ጠቅሶ በልኩ መጥቀስም ይፈቀዳል። ለዐይነ ስውራን ደግሞ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የማራኬሽን ስምምነት ተቀላቅላለች፤ ስምምነቱ የታተመን መጽሐፍ ለእነሱ በሚሆን መልክ ለማዘጋጀት መንገድ ይከፍታል። ያንን ምክንያት አድርጎ ለሁሉም ሰው ትረካ መልቀቅ ግን ስምምነቱን ያለ ዓላማው መጠቀም ነው።

የውጭ መጻሕፍትስ? አዋጁ የሚጠብቀው በዋናነት የኢትዮጵያ ዜጋ ወይም ነዋሪ የሆነን ደራሲ፣ እንዲሁም መጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ የታተመን ወይም ውጭ በታተመ በ30 ቀን ውስጥ እዚህ የታተመን ሥራ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1886 በተፈረመው የበርን ስምምነት አዋጁ ሲወጣ አልነበረችበትም፤ በተከተሉት ሁለት አሥርት ዓመታትም አልገባችበትም። የኮሌጅ መማሪያ መጻሕፍት በፎቶኮፒ ተጠርዘው በግልጽ ሲሸጡ የኖሩት በዚህ ክፍተት ነው። ክፍተቱ ግን በሁለቱም በኩል ይቆርጣል። በአሜሪካና በኢትዮጵያ መካከል የቅጂ መብት ስምምነት ስላልነበረ አዲስ አበባ ብቻ የታተመ የኢትዮጵያዊ ደራሲ መጽሐፍ በአሜሪካ ሰርቨር ላይ ሲጫን የዚያ አገር ሕግ አይደርስለትም። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሐበሻ እዚያው ያሳተመው የአማርኛ መጽሐፍ ግን ይጠበቃል። ያም ሆኖ ጀሞ ተቀምጦ የሚጭን ሰው በሰርቨሩ አገር አያመልጥም፤ ድርጊቱን የፈጸመው እዚህ ነው፤ የሚመለከተውም የኢትዮጵያ ሕግ ነው።

በሌላው ዓለም «እኔ ቤተ መጻሕፍት ነኝ» የሚለው ክርክር እስከ ምን እንደሚያስኬድ ተፈትኗል። አራት ታላላቅ አሳታሚዎች እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ኢንተርኔት አርካይቭን ከሰሱ፤ ድርጅቱ በእጁ ያለውን መጽሐፍ ስካን አድርጎ ማዋሱ እንደ ማንኛውም ቤተ መጻሕፍት መታየት አለበት ሲል ተከራከረ። በመጋቢት 2023 ተረታ፤ በመስከረም 2024 ይግባኙም ውድቅ ሆነ። ድርጅቱ ለትርፍ የማይሠራ፣ በዓለም የታወቀ ነው። ያላዳነውን ክርክር የግል ድረ ገጽ ያለው ሰው ይዞት ቢቀርብ ብዙ ርቀት አይሄድም።

ባለ መብቱ የታወቀ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው፤ ደብዳቤ መጻፍ ወይም ስልክ መደወል ነው። ብዙ የአማርኛ ደራስያን ስልካቸውን በመጽሐፋቸው ላይ ያትማሉ፤ አንዳንዶቹ ከገበያ ያለቀ ሥራቸው በነጻ ቢነበብ ደስ ይላቸዋል፤ ሌሎቹ የማተሚያ ዕዳቸውን ሳይጨርሱ ፒዲኤፉ ወጥቶ ያገኙታል። ማን የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ራሱ ደራሲው ብቻ ነው። ፈቃዱም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ ለስንት ዓመት፣ በየትኛው ድረ ገጽ፣ ለማውረድ ነው ለማንበብ ብቻ የሚለውም ይገለጽ።

ከባዱ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አንድ ሁለት መጽሐፍ አሳትመው ስማቸው የጠፋ ደራስያን ጉዳይ ነው። መቼ እንደሞቱ የሚያውቅ የለም፤ ወራሾቻቸው የት እንዳሉ አይታወቅም፤ መጽሐፎቻቸውም ቅጂ በቅጂ እያለቁ ነው። እዚህ ላይ ግለሰብ ብቻውን የሚያደርገው ትንሽ ነው። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር በአገሩ የሚታተመውን መጽሐፍ ሲሰበስብ ኖሯል፤ የደራስያኑን ስም ዝርዝር ከማንም በላይ ይዟል። የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ደግሞ መብት የመመዝገብ ሥራ አለው። ሁለቱ ተባብረው የአማርኛ ደራስያንን የሞት ዓመትና የሚታወቁትን ወራሾች መዝገብ አዘጋጅተው ለሕዝብ ቢከፍቱት፣ መጽሐፍ ለማጋራት የሚፈልግ ቅን ሰው በግምት ከመሥራት ይድናል። ደራስያንም መጽሐፋቸውን ለማተሚያ ቤት ሲሰጡ ከ«መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» በታች በኤሌክትሮኒክ መንገድ ማጋራት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩ፣ ከነሱ በኋላ ለሚመጣው ሰው ብዙ ሥራ ያቀልሉለታል።